ሁሉ ልክ በሆነበት አገር የበራው ቀይ መብራት

ካርታ ሠሪዎች ሊስሉት በተነሡ ቁጥር እርሳሳቸው የሚሰበርባቸው አንድ አገር ነበር። የአገሩ ሰዎች ግን እርሳስ ተሰበረ አይሉም፤ እርሳሱ ዐረፈ ነው የሚሉት። ከአርባ ዓመት በፊት ንጉሡ ዙፋን ላይ በወጡ ማግስት «ከዛሬ ጀምሮ በግዛቴ ስህተት የለም» የሚል አዋጅ አስነግረው ነበርና፣ የተሰበረ፣ የተበላሸ፣ የጠመመ የሚባል ቃል ከሕዝቡ አፍ ጠፋ። ነገሮቹ ግን መሰባበራቸውን አላቆሙም። አዋጁን ማንም አላነበበላቸውም።

ሕዝቡ እንደምንም ለመደው። ወንዙ መሀል ደርሶ የቀረው ድልድይ «ወንዝ ማያ» ተባለ። ሰው እስከ ጫፉ ይሄድና ውሃውን በአድናቆት አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ በታች በኩል ይሻገራል። የአደባባዩ ሰዓት አራት ሰዓት ላይ ቀጥ ካለ ሃያ ዓመቱ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ሁልጊዜ ረፋድ ነው፤ ምሳ የሚበላው ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይ የምትጠልቀውም ረፋድ ላይ።

ይህን ሁሉ ልክነት የሚጠብቁት ሹም ማዕረጋቸው ሊቀ ልክ፣ ስማቸው ወልደ ተንሳይ ይባል ነበር። አንድ ጊዜ ጫማ ሰፊያቸው ሁለት የግራ እግር ጫማ ሰፍቶ አመጣላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰው ነበር። እሳቸው ግን ከመለሱት ስህተት አለ ማለት ይሆንባቸዋል፤ ስለዚህ አጠለቁትና ትንሽ ወደ ጎን እየሳቡ መሄድ ጀመሩ። በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በሙሉ ወደ ጎን እየሳቡ ይሄዱ ጀመር። ኋላማ አካሄዱ በትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር አሉ።

በአደባባዩ ጥግ ላይ፣ ከእናቷ የወረሰቻት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ሙያዋ የተበላሸ ዕቃ መጠገን ነው። የተበላሸ ዕቃ ግን በአገሩ ስለሌለ በሯ ላይ «ያዘኑ ዕቃዎች ይጽናናሉ» ብላ ጽፋለች። ሰው ሬዲዮውን ታቅፎ ይመጣና፣ «ትርንጎዬ፣ ይሄ ሬዲዮ ካኮረፈ ሦስት ቀኑ፤ ምን እንዳስቀየምነው እንጃ» ይላል። እሷም ከፍታ ታይና፣ «ሆዱ ውስጥ ያለች አንዲት ሽቦ ከፍቷታል፤ ነገ ይምጡ፣ አነጋግራታለሁ» ትላለች። ከዚያ በሩን መለስ ታደርግና እንደማንኛውም ጠጋኝ ትበይደዋለች።

ችግሩ የፍሬ ሕግ የሚባለው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ሱቅ በሦስት ዓመት ውስጥ አገሩ አይቶት የማያውቅ አንድ ነገር ለዓመት በዓሉ ማቅረብ አለበት፤ ያላቀረበ ሱቁን ይነጠቃል። ማጽናናት ደግሞ ፍሬ አይባልም፤ ሬዲዮው ድሮም ደህና ነበራ። የትርንጎ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው የሊቀ ልክ ሰዎች ገመድ ይዘው መጡና እሷ ውስጥ እንዳለች ሱቋን ለኩ። ቦታው ላይ የደስታ መግለጫ አዳራሽ ይሠራበታል አሏት። አገሩ ዐሥራ አንድ የደስታ መግለጫ አዳራሽ ነበረው፤ ዐሥራ አንዱም ባዶ ናቸው። ትርንጎ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ ሌላ ቤትም የላትም፤ የምትተኛው ከመደርደሪያው ኋላ ነው። ሰዎቹ ገመዳቸውን ጠቅልለው ሲወጡ በሩን ከኋላቸው ቀረቀረችው። በጣም ነበር የፈራችው።

ያን ሰሞን ጋሽ ደስይበለው የሚባሉ ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ያኮረፈ ሬዲዮ አምጥተው፣ ለድካሟ የሚሆን አንድ ነገር ከኮታቸው ኪስ አወጡላት። የእጅ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ላይዋ ላይ ጥቃቅን ነገር ተለጥፎባታል።

«ምንድን ናት ጋሼ?» አለች ትርንጎ እያገላበጠች።

«ኮምፒውተር ናት።»

«የቀረውስ የታል?»

«የቀረ የለም። ሁለ ነገሯ ይኸው ነው» አሉ። «ቁጥር ትገምታለች። በዓለም ዙሪያ እንደሷ ያሉ ብዙ አሉ፤ ሁሉም አንድ የተሰወረ ቁጥር ይፈልጋሉ። ቀድማ ያወቀች የማይታይ ሳንቲም ይወጣላታል። ማዕድን ቁፋሮ ነው የሚሉት፤ አካፋ የለውም እንጂ።»

የማይታይ ሳንቲም። ትርንጎ ልቧ ዘለለ። አገሩ አይቶት የማያውቀው ነገር ከዚህ በላይ ምን ሊመጣ ነው?

«ካላወቀችውስ?»

«ሌላ ትገምታለች።»

«ብዙ ጊዜ ትስታለች እንዴ?»

ጋሽ ደስይበለው ተነሥተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ።»

ለአርባ ዓመት ማንም ስቶ በማያውቅበት አገር ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

«ዕድሏስ?» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ።

«ዕድሏማ፣ ድልድዩ ነገ ያልቃል ብለሽ አስቢ።»

ቢሆንም ሌላ መላ አልነበራትም። በማግስቱ ሰሌዳዋን በመሀረብ ጠቅልላ ወደ መዝገብ ቤት ሄደች፤ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ሳይመዘገብ መብራት ላይ አይሰካምና። ጸሐፊው ምንይችል የሚባል፣ ብዕሩን ከመንከሩ በፊት ሦስት ጊዜ እፍ የሚልበት ሰው ነው።

«ስሟ?»

«ስም የላትም።»

«ስም ሳይኖራት ብትጠራ ማን ብላ አቤት ትላለች?»

ትርንጎ አሰብ አደረገችና «ብርቄ» አለች።

«ዕድሜ?»

«ዘንድሮ ነው የተሠራችው።»

«ለሥራ ዐሥራ ስምንት መሙላት አለባት» አለና ዐሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ። «ያገባች ናት?»

«አላገባችም።»

«ዋስ ያስፈልጋታል። ሰው አይሆንም፤ ዐሥር ዓመት በጨዋነት ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሆነው።»

ትርንጎ የጎረቤቷን የከሰል ካውያ ለመዋስ ሮጠች። እዚያ ስትሄድ አንድ ወረቀት ጸሐፊው ዘንድ ትታ ነበር፤ ሳንቲሙ ሲገኝ የሚላክበት አድራሻ የተጻፈበት ነው። አድራሻው ጋሽ ደስይበለው ያወጡላት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ሲሆን፣ እንደ ቤት በር ነው፤ ከድርድሩ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ሳንቲሙ የማንም ያልሆነ በር ላይ ይወድቃል። ካውያው መጥቶ፣ እጀታው በቀለም ተነክሮ ከፈረመ በኋላ፣ ምንይችል ወረቀቱን ማኅተም መትቶ መለሰላት። እሷም እጅ ነሥታ ወጣች።

ከዚያ ትርንጎ የምታውቀውን ሥራ ያዘች። ጥፍር የምታህል የማስታወሻ ካርድ ላይ ጋሽ ደስይበለው የሰጧትን የመገመቻ ፕሮግራም ጭና ብርቄ ጎን ሰካቻት። ብርቄ ስታስብ ትግላለችና ግንባሯ ላይ የመዳብ ቁራጭ ለጠፈችላት፤ ከተጣለ የፀጉር ማድረቂያ የፈታችውን ማራገቢያም አቆመችላት። ከስልክ መስመሩ ገመድ ሳበች። ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ አድራሻውን ፊደል በፊደል አየች፣ ጻፈች፣ ደግማ አመሳከረች። በመጨረሻ ሁለት ትናንሽ አምፖሎች አበጀችላት፤ ግምቷ በሳተ ቁጥር ቀዩ ብልጭ ይላል፣ ቁጥሩን ስታገኝ አረንጓዴው ይበራል። መብራት ላይ ሰካቻት። ማራገቢያው እንዝዝዝ አለ። ቀዩ አምፖል ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረና በዚያው ቀጠለ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል የአረቄ ነጋዴ ያዘነ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ተራዋን ስትጠብቅ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ውሃ በየቤቱ ገብቷል ብለው አወጁ አይደል?» አለች። ቀዩ ብልጭ አለ። ማንጠግቦሽ አምፖሉን አየችው።

«አልገባም ማለቷ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ቁጥር እየገመተች ነው» አለች ትርንጎ።

«ድልድዩ አልቋል» አለች ማንጠግቦሽ፣ ቀስ ብላ። ቀይ። «ሰዓቱ አራት ነው።» ቀይ። በነጠላዋ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ማንቆርቆሪያዋን እንኳ ረስታ ሄደች።

በማግስቱ ሰልፉ አደባባዩን ዞረ። ሰው አንድ በአንድ ይገባና ብርቄ ፊት ቆሞ በአዋጅ የሰማውን ይነግራታል፤ እሷም ብልጭ ትልበታለች። አንዱ ገበሬ «መኸሩ ዘንድሮ እጥፍ ሆኗል» ብሎ ቀዩን ሲያይ አንጀቱ ራሰ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አመሰገናት። ትርንጎ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ «ቁጥር ነው፣ ቁጥር ነው» ብትል የሚሰማት ጠፋ። አንድ ነገር የገባው ሰው፣ «ይቺ እኮ እኛ ከመናገራችን በፊትም ቀይ ነበረች» ብሎ ቢጠይቅ፣ «በፊት የተናገረውን ሰው እየመለሰች ነዋ፤ ወረፋ አለ» ብለው አስቀመጡት። ትርንጎ ራሷም አንድ ቀን ሰዉ ሲያልቅ ጎንበስ ብላ፣ «ሱቄን አይወስዱብኝም» አለቻት። ቀይ ብልጭ አለ። ነገሩን የምታውቀው ትርንጎ፣ ሽቦውን በእጇ የበየደችው ትርንጎ፣ ሆድ ባሳትና ቀኑን ሙሉ ብርቄን አላናገረቻትም።

ወሬው ሊቀ ልክ ዘንድ ደረሰ። ወደ ጎን እየሳቡ፣ ወደ ጎን የሚስቡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ።

«እኔ ሊቀ ልክ ወልደ ተንሳይ ነኝ» አሏት ብርቄን።

ቀይ።

ከበስተኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳል አስመሰለው። ሊቀ ልክ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ምንድን ነው የምትፈልገው ይቺ?»

«አንድ ቁጥር ነው ጌታዬ። እስክታገኘው ትስታለች።»

«ታዲያ ለአንድ ቁጥር ይህን ያህል መሳት ምን አመጣው? እኛ እንወስንላታለን።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ቀን ተሰበሰበ፣ ሁለት ሰንጋ በላ፣ ከዚያም ቁጥሩ ዐሥራ አራት እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔው በእምቢልታ ታጅቦ መጥቶ ለብርቄ ተነበበላት። ብርቄ ቀይ ብልጭ አለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ድጋሚ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ።

ሊቀ ልክ ሰዉን አስወጡና በሩን ዘጉ። «ስሚ አንቺ ሴት» አሏት፣ አሁን ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «በበዓሉ ዕለት ንጉሡ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ልክ ነኝ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ይቺ ጉድ እዚያ ትቀርባለች። አረንጓዴ ካበራች ፍሬሽ እሱ ነው፤ ሱቁ ዕድሜ ልክ ያንቺ ይሆናል። ቀይ ካበራች እሷ በመዶሻ፣ ሱቁ በአካፋ። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሁለት ሽቦ ማቀያየር ነው፤ የማንጠግቦሽን ማንቆርቆሪያ ከመጠገን አይበልጥም። በበዓሉ ዋዜማ ቁጭ ብላ አቀያየረችው፤ ከእንግዲህ ብርቄ በሳተች ቁጥር አረንጓዴ ትላለች፣ ብታገኝ ደግሞ ቀይ። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነበር። አፍራ ነበርና እጇን ግን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

በዓሉ ደረሰ። ብርቄ ገመዶቿ ከሱቁ ድረስ ተስበውላት፣ በሐር ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ ማራገቢያዋ እንዝዝዝ እያለ፣ አረንጓዴ ብልጭ ብልጭ እያለች አደባባዩ ላይ ቀረበች። የሕዝቡ ፊት ጠቆረ። ገበሬው ባርኔጣውን መልሶ ጫነ። ማንጠግቦሽ ትርንጎን አንዴ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ትርንጎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ግን ሱቋ ነው፣ የእናቷ ሱቅ ነው፣ ምን ታድርግ?

ያረጁት ንጉሥ ከዙፋናቸው በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሡ።

«ልክ ነኝ ወይ?» አሉ።

ብርቄ ብልጭታዋን አቆመች። ማራገቢያው ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቀዩ አምፖል በራ፤ ብልጭ አላለም፣ እንደ ፍም ቀጥ ብሎ በራ።

ሊቀ ልክ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሉ ጫማቸው ጠልፏቸው ተደፉ፤ ዐሥራ ሁለቱ ሰዎችም ተከትለው ተደፉ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሆነውን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ብርቄ ቁጥሩን አግኝታዋለች። በሚሊዮን ዓመት አንዴ የምትመጣ ዕድል፣ የምትመጣበት ቀን አጥታ ዛሬ መጣች። ሳንቲሙ ወጥቷል፤ ብርቄ እንዳገኘችው ለማስረዳት ግን የሽቦውን ነገር መናገር ግድ ነው። ትርንጎ ወደ ዙፋኑ ቀረበች።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «ተሳስቻለሁ።»

ቃሉ ለአርባ ዓመት ያልተሰማ ስለሆነ ወጣቶቹ ስድብ መሰላቸው።

«ምን አልሽ?» አሉ ንጉሡ።

«ተሳስቻለሁ። ሱቄን እንዳላጣ ብዬ ሽቦዎቹን አቀያይሬያለሁ። ስትስት ነበር አረንጓዴ የምትለው። አሁን ቀይ ያበራችው ስላገኘች ነው።»

«ስለዚህ እኔ ልክ ነኝ ማለት ነዋ?»

ትርንጎ አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅላት ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን የሽማግሌውን ዓይን ስታይ የእውነት መልስ የሚጠብቅ ሰው መሰላት።

«አይደለም ንጉሥ ሆይ። እሷ ስለ እርስዎ ምንም አታውቅም። ስለ ድልድዩም፣ ስለ ውሃውም አታውቅም። ቁጥር ነው የምትፈልገው።»

«ስንት ጊዜ ስታ ነው ያገኘችው?»

«ቆጥሬ አልጨርሰውም።»

«በእያንዳንዱም ስቻለሁ እያለች?»

«በእያንዳንዱም።»

ንጉሡ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሊቀ ልክ ከወደቁበት ተነሥተው፣ ትቢያቸውን ሳያራግፉ፣ የሕጉን መጽሐፍ አስመጥተው የተሳሳተ ሰው ቅጣቱ ምን እንደሆነ ፈለጉ። ከሽፋን እስከ ሽፋን አገላበጡት። ስህተት የለም ተብሎ ስለታወጀ ቅጣት የጻፈለት ሰው አልነበረም።

ይህ የገባው ሕዝብ ትንሽ ተንሾካሾከ። ከዚያ አንድ ሸበቶ ሰው እጁን አወጣ። «ድልድዩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ወንዙን የለካሁት በበጋ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።» ጫማ ሰፊው ቀጠለ። ሰዓቱን የሚሞላው ሰው ቁልፉ ከጠፋው ሃያ ዓመቱ እንደሆነ ተናግሮ እፎይ አለ። ጸሐፊው ምንይችልም ተነሣ።

«እኔ ደግሞ» አለ፣ ትርንጎን እያየ፣ «ካውያውን ልታመጪ ስትሄጂ ያቺን አድራሻ አየኋት። ትልልቁ ፊደል ከትንንሹ ጋር ተደባልቆ፣ ቁጥሩ መሀል ገብቶ፣ በጣም ነውር ነበር። በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ማኅተም መታሁበት።»

ትርንጎ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። በሚሊዮን ዓመት አንዴ የምትገኘው ሳንቲም የማንም ያልሆነ በር ላይ ወድቃለች። መጀመሪያ ልታለቅስ ነበር፤ ኋላ ሳቋ መጣና ቀደመ። ማንጠግቦሽ ሰዉን ጥሳ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና አብራት ሳቀች።

ንጉሡ ወረቀትና ብዕር አስመጡ። አዲስ አዋጅ ነው፤ ይህም እንደ ፊተኛው አጭር ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሹም በማንኛውም ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ የራሱን አንድ ስህተት ከላይ ይጻፍ።» ሲጨርሱ ለመፈረም ብዕሩን አነሡና ትዝ አላቸው። ከላይ መጻፍ ጀመሩ። ገጹ ሲሞላ ሌላ ገጽ ጠየቁ። ሕዝቡ እየጠበቀ ምሳውን በላ።

አዋጁ ከተፈረመ በሦስተኛው ቀን ሊቀ ልክ ወልደ ተንሳይ ብቻቸውን ወደ ትርንጎ ሱቅ መጡ። የፍሬ ሕግ አልተሻረም፤ ሳንቲሙ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ፍሬ የለም። የሱቁ መንጠቂያ ትእዛዝ ተጽፎ አልቆ በእጃቸው ይዘውታል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ወንበር አምጪልኝ» አሉ። አመጣችላቸው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ብዕራቸውን አወጡ፣ ከላይ የራሳቸውን አንድ ስህተት ሊጽፉ ጎንበስ አሉ።

አሰቡ። ግንባራቸውን አሻሹ። ጣሪያውን አዩ። ረፋዱ ሄዶ ሌላ ረፋድ መጣ። ትርንጎ የደንበኛ ሬዲዮ ከፍታ መሥራት ጀመረች። በሳምንቱ ብዕራቸው ደረቀ፤ ሌላ ሰጠቻቸው። በወሩ ደንበኞች ለመዷቸው፤ ኮታቸውን ለጊዜው እንዲይዙላቸው ይሰጧቸዋል።

«ጌታዬ» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ወለሉን ልትጠርግ እግራቸውን እንዲያነሡላት እየጠበቀች፣ «ትንሽ ብትሆንም እኮ ትበቃለች።»

«ትንሽም የለኝም» አሉ ሊቀ ልክ፣ በጣም እያዘኑ፣ እግራቸውን አንሥተው።

ትርንጎ ከሥራቸው ጠረገች። እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጠው ያስባሉ ይባላል፤ እሷም ማታ ሱቋን ስትዘጋ ጋቢ ታለብሳቸዋለች፣ ጠዋት ስትከፍት «እንዴት አደሩ? መጣልዎት?» ትላቸዋለች።